ድሃን የፈለሰፈው ጳጳስ አይደለም፦ ስለ ቀደሙት አባቶችና ስለ ፒተር ብራውን የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው የሚቀባበለው አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ስለ ቀደሙት የቤተ ክርስቲያን አባቶችና ስለ ድሆች ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ለድሃ ማሰብ የጀመረችው ቆስጠንጢኖስ ገንዘብና ክብር ከሰጣት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ታሪክ ጸሐፊው ፒተር ብራውን «ድሆችን የፈለሰፉት ጳጳሳት ናቸው» ብሏል፤ ስለዚህ ድሃን መውደድ የሥልጣን መወጣጫ ነበር። ሦስተኛ፣ የእነ ቅዱስ ባስልዮስ ስብከት ሀብታሙ ነፍሱን እንዲያድን የሚመክር እንጂ ስለ ፍትሕ የሚናገር አይደለም። አራተኛ፣ አባቶቹ ራሳቸው የባለርስት ልጆች ስለነበሩ ባርነትን እንኳ አልነኩም። አምስተኛ፣ ከአባቶች ስብከት የማኅበራዊ ፍትሕ ትምህርት ማውጣት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ግራ ዘመሞች ያመጡት ነገር ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ዝም ማለት የከበደኝም ለዚህ ነው። ብዙ አንባቢ እነዚህን አባቶች የሚያውቃቸው በስማቸው በተሰየመው ቅዳሴና በሃይማኖተ አበው ነው። እዚያ ባስልዮስም ዮሐንስ አፈወርቅም የሚናገሩት ስለ ሥላሴና ስለ ምስጢረ ሥጋዌ ነው። ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ አራጣ፣ ስለ ተዘጋ ጎተራ የሰበኩትን ያላነበበ ሰው የጸሐፊውን ቃል እንዳለ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቆስጠንጢኖስ እንጀምር። ክርስቲያኖች በነጻነት እንዲያመልኩ የተፈቀደው በ313 ነው። ዮስጢኖስ ሰማዕት ግን ለንጉሠ ነገሥቱ የመከላከያ ጽሑፉን የጻፈው በ155 አካባቢ፣ ሮም ውስጥ ነው። እዚያ ላይ የእሑድ ጉባኤ እንዴት እንደሚካሄድ ይተርካል። ስለ ቁርባኑ ከተናገረ በኋላ ወደ ገንዘቡ ይሄዳል። ያለው ሰው በፈቃዱ የወደደውን ይሰጣል። የተሰበሰበው ጉባኤውን በሚመራው ሰው እጅ ይቀመጣል። እሱም ወላጅ የሌላቸውን፣ መበለቶችን፣ ሕሙማንን፣ እስረኞችንና እንግዶችን ይረዳበታል። ይህ ሲጻፍ ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ሰውነት የላትም። ዮስጢኖስ ራሱ ከዓመታት በኋላ ስለ እምነቱ ተገደለ።

በ197 አካባቢ ክርስቲያን ጸሐፊው ጠርጠሉስ በሰሜን አፍሪካ ካለችው ከካርታጎ ሆኖ ተመሳሳይ ነገር ይጽፋል። ክርስቲያኖች በወር አንድ ጊዜ እንደ አቅማቸው ያዋጣሉ ይላል። ገንዘቡ ድሆችን ይመግባል፣ ሲሞቱ ይቀብራል። ወላጅ የሌላቸው ልጆች፣ አርጅተው ቤት የዋሉ ባሮች፣ መርከብ የሰጠመባቸው ሰዎች፣ ስለ እምነታቸው በማዕድን ጉድጓድና በእስር ቤት ያሉ ሁሉ ከዚያው ያገኛሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በ251 አካባቢ የጻፈው ደብዳቤ ነው። አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ውስጥ አቆይቶልናል። ቆርኔሌዎስ የሮምን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይቆጥራል። 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናት፣ 7 ንፍቀ ዲያቆናት እያለ ይሄዳል። በመጨረሻም ከ1,500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች በቤተ ክርስቲያኒቱ እንደሚረዱ ይጽፋል። ከእሱ በፊት የነበረው ጳጳስ ፋብያኖስ በ250 ንጉሠ ነገሥቱ ዳኬዎስ ባስነሣው ስደት ሞቷል። ከስደት ገና ያልወጣች፣ ከመንግሥት አንድ ሳንቲም የማታገኝ ቤተ ክርስቲያን ናት 1,500 ሰው በዝርዝር ይዛ የምትረዳው። ጸሐፊው «ከቆስጠንጢኖስ በኋላ» ሲሉ ይህን ደብዳቤ የት አደረጉት?

ቆስጠንጢኖስ ምንም አልለወጠም አልልም። ካህናትን ከከተማ ግዴታ ነጻ አድርጓል። ለአብያተ ክርስቲያናትም እህል ሰጥቷል። ገንዘቡ መጠኑን አሳድጎታል፤ ሥራው ግን ቀድሞም ነበረ። ጸሐፊው የሚጠቅሱት ብራውን ራሱ በ2012 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ በላቲኑ ምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ባለጸጋ የሆነችው በቆስጠንጢኖስ ዘመን ሳይሆን ከ370ዎቹ ወዲህ ባለጸጎቹ ወደ እሷ ሲጎርፉ ነው ብሎ ይከራከራል። በአንድ ሊቅ ስም ሊቁ የተቃወመውን ነገር መናገር አይገባም።

አንድ ጠላት ደግሞ ይመስክር። ከሃዲው ዩልያኖስ በ362 ለገላትያው ሊቀ ካህናት አርሳክዮስ ጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ የአማልክቱን አምልኮ ለመመለስ እየታገለ ነበር። ከአይሁድ ማንም አይለምንም፣ እነዚህ ከሓዲ ገሊላውያን (ክርስቲያኖችን ማለቱ ነው) ደግሞ የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይመግባሉ፣ የእኛዎቹ ግን ከእኛ እርዳታ እንደማያገኙ ሁሉም ያያል ብሎ ያማርራል። ከዚያም ለገላትያ በየዓመቱ 30,000 ሞድዮስ (የሮማውያን የእህል መስፈሪያ) እህል ይመድባል። አንድ አምስተኛው ለካህናቱ አገልጋይ ድሆች፣ የቀረው ለእንግዶችና ለለማኞች እንዲሆን ያዛል። ሥራውን ለመኮረጅ የመንግሥት ግምጃ ቤት የከፈተው የክርስቲያኖች ጠላት ነው።

አሁን ወደ ብራውን። ፒተር ብራውን በ1935 ደብሊን የተወለደ፣ በኦክስፎርድ፣ በበርክሊና በፕሪንስተን ያስተማረ ታሪክ ጸሐፊ ነው። በኋለኛው የሮም መንግሥት ዘመን ስለነበረው ድህነትና አመራር በኢየሩሳሌም የሰጣቸው ትምህርቶች በ2002 ታትመዋል። ጳጳሳት ድሆችን «ፈለሰፉ» የሚለው አባባል የተገኘው እዚያ ነው። ጸሐፊው ይህን አልፈጠሩትም። ነገር ግን ብራውን «በአንድ በኩል ሲታይ» የሚል ቃል አስቀድሟል። ጽሑፉ ላይ ያ ቃል ጠፍቷል።

ብራውን የሚለው ይህ ነው። በጥንቱ የግሪክና የሮም ከተማ ባለጸጋው ይሰጥ ነበር። መታጠቢያ ቤት ይሠራል፣ ትርኢት ያሳያል፣ ዳቦ ያከፋፍላል። የሚሰጠው ግን ለከተማውና ለዜጎቹ ነው። ተቀባዩ የሚያገኘው ዜጋ ስለሆነ እንጂ ስለተራበ አይደለም። ከገጠር የመጣ፣ ዜግነት የሌለው፣ በየደጁ የሚተኛ ሰው በዚያ አስተሳሰብ ውስጥ ቦታ የለውም። ጳጳሳቱ ያደረጉት ይህን የማይታይ ሰው እንዲታይ ማድረግ ነው። ኅብረተሰቡ ራሱን «ዜጋና ዜጋ ያልሆነ» ብሎ ከማየት ወጥቶ «ያለውና የሌለው» ብሎ ማየት ጀመረ። ብራውን ይህን የኅብረተሰብ ምናብ መለወጥ አድርጎ ያየዋል። ከዚህ ውስጥ «ማታለያ» የሚል ፍርድ ማውጣት የጸሐፊው ሥራ ነው።

ብራውን የጳጳሳቱን ሥልጣን አይደብቅም። ድሃን የሚወድ ተብሎ መታወቅ ጳጳሱን በከተማው ላይ ተሰሚ እንዳደረገው በግልጽ ይጽፋል። እኔም እቀበላለሁ። ጽሑፉ የዘለለው ግን ሌላኛውን ግማሽ ነው። ብራውን ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ አንድ ምስል አጉልቶ ያሳያል። በነቢያትና በመዝሙረ ዳዊት ድሃው ለማኝ ብቻ አይደለም። ከሳሽ ነው። ወደ ንጉሡ ደጅ ሄዶ «ፍረድልኝ» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። ይህ ምስል ወደ ሮም ከተሞች ሲገባ፣ ጳጳሱ ዘንድ የሚመጣው ሰው ቁራሽ ብቻ ሳይሆን ዳኝነትም መጠየቅ ጀመረ። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ፍጹም የሌለው እንኳ አልነበረም። ነገ ድሃ እንዳይሆን የሚፈራ፣ ግብር የከበደው፣ ጉልበተኛ የገፋው ተራ ሰው ነበር። «ፍትሕ የለበትም» ለማለት ብራውንን መጥቀስ ትልቅ ስሕተት ነው።

የሥልጣን መወጣጫ ነበር ለሚለው ደግሞ የዮሐንስ አፈወርቅ ሕይወት ይበቃል። በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጰላድዮስ እንደሚተርከው የጳጳሱን ቤት ወጪ መርምሮ ቀነሰና ወደ ሕሙማን ማረፊያ አዞረው። ሌሎች ማረፊያዎችም ሠራ። ታላላቅ ሰዎችን ግብዣ መጋበዝ ተወ። ባለጸጎቹን ከመድረክ ገሠጸ። በ403 ተሻረ፣ በ404 ተሰደደ፣ በ407 ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ እየተነዳ ሳለ ኮማና ላይ ሞተ። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የእስክንድርያው ቴዎፍሎስም የንግሥት አውዶክስያም እጅ አለበት። ግን ከተማውን በግብዣ ያስደሰተ ጳጳስ ይህን ያህል ጠላት አያፈራም ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። የክርክሩ ልብ እዚህ ነው።

በ369 አካባቢ በቀጰዶቅያ ከባድ ረኃብ ሆነ። ዛሬ ካይሰሪ የምትባለው የቱርክ ከተማ ያኔ ቂሣርያ ነበረች። ከባሕር ሩቅ ናት። በዚያ ዘመን እህል በየብስ ሩቅ መንገድ ማጓጓዝ ከእህሉ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ስለዚህ ዝናቡ ሲቀር ከተማው ያለው እህል በባለጎተራዎች እጅ ያለው ብቻ ነው። ባለጎተራዎቹም ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ባስልዮስ ያኔ ገና ጳጳስ አልነበረም፤ ቄስ ነበር። የሰበከው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

በሉቃስ 12 ላይ ስላለው ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ስለሚሠራው ባለጸጋ ሲሰብክ፣ እህልህን ለመክፈት የእህል እጦትን አትጠብቅ፣ የሰውን ችግር ዋጋ ማስወደጃ አታድርግ ይላል። ይህ ስለ ገበያ የተነገረ ቃል ነው። ቀጥሎ አንድ አባት ያመጣል። ቤቱ ውስጥ የሚበላ የለም። ያለው ልጆቹ ብቻ ናቸው። አንዱን ሸጦ ሌሎቹን ለማትረፍ ያስባል። የትኛውን? ትልቁን? የበኩር ልጅ ነው። ትንሹን? ገና ምንም የማያውቅ ነው። እያለቀሰ ገበያ ይወጣል። ገዢው ደግሞ በዋጋ ይከራከራል። ባስልዮስ ይህን ከተናገረ በኋላ ወደ ገዢው ዞሮ ነው የሚቆጣው።

ከዚያ በኋላ ነው ታዋቂው ቃል የሚመጣው። «የያዝከው እንጀራ የተራበው ነው፤ በሣጥን የቆለፍክበት ልብስ የታረዘው ነው፤ አንተ ዘንድ የሚበሰብሰው ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ነው፤ የቀበርከው ብር የችግረኛው ነው።» የለበሰውን የሚገፍ ሌባ ይባላል፤ የታረዘውን ማልበስ እየቻለ የማያለብስስ ሌላ ምን ስም ይገባዋል ብሎም ይጠይቃል። ያለውን ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ቲያትር ቤት ቀድሞ ገብቶ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ከሚከለክል ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ ለሁሉ የተዘጋጀውን የራሱ ያደርጋልና።

ጸሐፊው ይህን «ለነፍስ የሚሰጥ ምክር» ይሉታል። እስቲ በጥሞና እንየው። ባስልዮስ «ከራስህ ቆርሰህ ስጥ» አላለም። «የእሱ ነው» አለ። የሌላውን ንብረት የያዘ ሰው የሚጠበቅበት ቸርነት አይደለም፤ መመለስ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅም በአንጾኪያ ስለ አልዓዛርና ስለ ባለጸጋው ሲሰብክ እዚያው ይደርሳል። ካለን ለድሆች አለማካፈል ከእነሱ መስረቅ ነው፣ የያዝነው የእኛን ሳይሆን የእነሱን ነው ይላል። ስለ መብት ያልሆነ ንግግር በዚህ መልክ አይነገርም።

የነፍስ ጉዳይስ የለም? አለ። ባስልዮስ ባለጸጋው እንዲድን ይፈልጋል። ባለጸጋውን እንደ ጠላት አያየውም፤ ያስፈራዋል፣ ይለምነዋል፣ ያሳፍረዋል። ነገር ግን የሀብታሙ መዳንና የድሃው መብት በእሱ ስብከት አንድ ላይ ናቸው። ሀብታሙ የሚድነው የድሃውን ሲመልስ ነው። ጸሐፊው አንዱን ወስደው ሌላውን ጣሉት።

በረኃቡ ጊዜ በተሰበከው ሌላ ስብከት ደግሞ የተራበ ሰው ምን እንደሚመስል ይዘረዝራል። ቆዳው አጥንቱ ላይ ይጣበቃል፣ ሙቀቱ ይጠፋል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መድኃኒት ጸሎት ብቻ አይደለም። ዓመፀኛውን የውል ወረቀት ቅደድ ይላል። የብድር ውል ነው። በመዝሙር 14 ላይ በሰበከው ስብከት አራጣን ለብቻው ይዞ ይመታል፤ ጨዋ ልጆች በአባታቸው ዕዳ ወደ ገበያ ሲጎተቱ ማየቱን ይናገራል። አራጣ የእሱ የግል ጸብ አልነበረም። በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች በ17ኛው ቀኖና በወር ከመቶ አንድ፣ ማለትም በዓመት 12 ከመቶ ወለድ የሚቀበል ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ወስነዋል። እኛ ኒቅያን የምናስታውሰው በአርዮስ ነው። ያው ጉባኤ ስለ ወለድም ፈርዷል።

ቃሉ ደግሞ በተግባር ታይቷል። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እንደሚመሰክረው፣ ባስልዮስ በረኃቡ የባለጸጎቹን ጎተራ በስብከት አስከፈተ፣ የተራቡትን ሰበሰበ፣ የባቄላ ሾርባና በጨው የቆየ ሥጋ አስቀቅሎ በገዛ እጁ አቀረበ። በ370 ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከከተማው ውጪ ትልቅ መጠለያ ሠራ። ሰዎች በስሙ ባስልያድ አሉት። በለምጽ የተመቱ፣ እንግዶችና ሕሙማን ይገቡበታል። ሐኪሞችና አስታማሚዎች ነበሩት። ጎርጎርዮስ «አዲስ ከተማ» ይለዋል። ባስልዮስ በዚህ ሥራ ለአገረ ገዢው ተከሶ፣ ሥራው ማንን ይጎዳል ብሎ የጻፈው ደብዳቤ አለ። በጠውሮስ ተራራ ያሉ ሰዎች የሚከፍሉት የብረት ግብር እንዲቀነስላቸው ለሹሙ ለሞዴስጦስ የጻፈውም አለ። ስለ ግብር መጠን ለባለሥልጣን የሚጽፍ ሰው ሥርዓቱን አልነካም ይባላል?

አራተኛው ላይ ቶሎ ልለፍ። አዎ፣ ባስልዮስ የባለርስት ልጅ ነው። ባይሆን ኖሮ በቁስጥንጥንያና በአቴና አይማርም ነበር። ግን ከድርሻው ብዙውን ሰጥቷል። ሞዴስጦስ ንብረትህን እወርሳለሁ ሲለው፣ ከዚህ እላቂ ልብስና ከጥቂት መጻሕፍት በቀር የምትወርሰው የለም ማለቱ ተጽፏል። የሰው መነሻ ብቻውን የቃሉ መመዘኛ አይሆንም።

ባርነት ላይ ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፤ መደበቅም አልፈልግም። ባስልዮስ በተፈጥሮ ባሪያ የሆነ ማንም የለም ብሏል። ሆኖም ለገዳማውያን በጻፈው ሥርዓት፣ ወደ ገዳም የሸሸ ባሪያ ተመክሮ ወደ ጌታው እንዲመለስ ያዛል፤ ጌታው ክፉ ካልሆነ በቀር። ይህ ያሳዝናል። ዮሐንስ አፈወርቅ ትንሽ ይሻላል፤ ባሮችን ግዙ፣ ራሳቸውን የሚችሉበት ሙያ አስተምሩና ነጻ ልቀቋቸው ይላል።

«እንኳ አልነኩም» የሚለው ግን ሐሰት ነው። የባስልዮስ ታናሽ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ380 አካባቢ መጽሐፈ መክብብን ሲሰብክ «ወንዶችና ሴቶች ባሪያዎችን ገዛሁ» የሚለው ቃል ላይ ቆመ። ከዚያም የባለቤትነቱን ሐሳብ ከሥሩ ነቀለው። የእግዚአብሔርን መልክ በስንት ገንዘብ ገመትከው? እግዚአብሔር ነጻ ያወጣውን እሱ ራሱ ባሪያ አያደርግም፤ ታዲያ ሥልጣኑን ከእግዚአብሔር በላይ የሚያደርገው ማን ነው? ዓለሙ ሁሉ እንኳ የአንዲት ነፍስ ዋጋ አይሆንም፤ ሻጩ ማን፣ ገዢውስ ማን ነው? ክፉ ጌቶችን ብቻ አይወቅስም። ሰውን መግዛት ራሱን ነው የሚያወግዘው። ከጥንቱ ዓለም በእጃችን ካሉት ጽሑፎች እንዲህ የተናገረ ሌላ አላነበብኩም። ሕግ ይውጣ አላለም፤ እሱንም ልናገር። ግን ነካ።

እኅታቸው ማቅሪናም አለች፤ ጽሑፉ ስሟን እንኳ አላነሣም። በቤታቸው የነበሩትን ገረዶች ከራሷና ከእናቷ ጋር በአንድ ማዕድ አስቀመጠቻቸው። በረኃቡ ጊዜ በየመንገዱ የተጣሉ ልጃገረዶችን አንሥታ አሳደገች። ጎርጎርዮስ ታሪኳን ሲጽፍ፣ በሞተችበት ቀን እነዚያ ልጆች ከሁሉ ይልቅ እናታችን እያሉ እንዳለቀሱ ይተርካል። ስለ ቀጰዶቅያ አባቶች የማኅበራዊ ሕይወት ትምህርት ጽፎ ማቅሪናን መርሳት ትልቅ ክፍተት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ይህ ሁሉ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ግራ ዘመሞች ንባብ ነው የሚለው፣ በቀላሉ ይመለሳል። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ባለጸጎችን ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ ሲገሥጽ ከባስልዮስ ወስዷል። ይህ 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሩፊኖስ የባስልዮስን ስብከቶች ወደ ላቲን መለሳቸው። «የያዝከው እንጀራ የተራበው ነው» የሚለው ቃል በአምብሮስዮስ ስም ወደ ምዕራቡ የቀኖና መጽሐፍ ገባ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የምዕራቡ የሥነ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኳይናስ ያንኑ ቃል ጠቅሶ፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ችግረኛ ከሌላው የሚያስፈልገውን ቢወስድ በትክክለኛው አነጋገር ሌባ አይባልም ብሎ ደመደመ። ማርክስ ከመወለዱ ከ500 ዓመት በላይ በፊት ማለት ነው።

አባቶችን ሶሻሊስት ለማድረግ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱንም አልደግፍም። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ሀብት በደንብ ከተያዘ መሣሪያ ነው ብሎ ያስተምራል፤ ከባስልዮስ በጣም ይለዝባል። ሁሉም አንድ ድምፅ አልነበራቸውም። መንግሥት ርስቱን ወርሶ ያከፋፍል ያለም አላገኘሁም። ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ ግብረ ሐዋርያትን ሲሰብክ፣ በከተማው 100,000 ያህል ክርስቲያን፣ ከዚያም 50,000 ያህል ድሃ ቢኖር፣ ሁሉም ያለውን አንድ ላይ ቢያደርግ ድሃ አይኖርም ብሎ አስልቷል። ግን በፈቃድ እንጂ በግድ አላለም።

ጸሐፊው መልስ ከጻፉ ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። የቆርኔሌዎስን ደብዳቤ ከነቁጥሩ ያስቀምጡልን፤ በ251 እነዚያን 1,500 ሰዎች መርዳት ለማን ሥልጣን እንዳስገኘ ያስረዱን። የባስልዮስንም የሉቃስ 12 ስብከት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡት፤ ከዚያም «የተራበው ነው» የሚለው ቃል ምጽዋት ማለት ብቻ መሆኑን ከስብከቱ ውስጥ ያሳዩን። የእኔ ክርክር የቆመው በእነዚህ ሁለት ማስረጃዎች ላይ ነው፤ እነሱ ከወደቁ ይወድቃል።